ጂንካን በሙሉ ሥራ ያስያዙ ሰው

ጋሽ ታፈሰ ያረፉ ዕለት እኔ ቀበሌ ቆሜ “ሥራ አጥ በሉኝ” እያልኩ እለምን ነበር።

የምሬን ነው። አራት ሴቶች ነን፤ አብረን ተመርቀን አብረን ቤት የተቀመጥን። የአሪ ገበሬዎችን ማርና ኮረሪማ አሽገን ልንሸጥ ተደራጅተናል። ከተማው ለተደራጁ ወጣቶች የመሥሪያ ሼድ ይሰጣል፤ ሼዱን ለማግኘት ግን ሁላችንም የሥራ ፈላጊ ካርድ መያዝ አለብን። ሦስቱ ጓደኞቼ ይዘዋል። የእኔ ካርድ ከጎደለ ቡድኑ አይሟላም፣ ቡድኑ ካልተሟላ ሼዱ ለሌላ ይሰጣል። ተራዬ ሲደርስ የቀበሌው ጸሐፊ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ።

“ባለፈውም ነግሬሻለሁ፤ አንቺ ሥራ አለሽ” አለኝ።

“የት ነው ያለኝ? ንገረኝና ልሂድ፣ እንዳላረፍድ።”

“እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እዚህ ‘በግል የምትሠራ ኢኮኖሚስት’ ነው የሚለው።”

“በግል የምሠራው የእናቴን ሱቅ መጥረግ ነው።”

“እሱም የግል ነው” አለ፣ ሳይስቅ። “ካልተስማማሽ የጻፈው ሰው መጥቶ ያርምልሽ። አሠራሩ እንደሱ ነው፤ የጻፈ ነው የሚያርመው።”

የጻፉት ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ያርሙልኝ ብዬ ለምኛቸው እምቢ ብለውኛል። እሳቸውን ትቼ ጸሐፊውን በልመና ላሸንፈው ነበር አመጣጤ። መሀል ላይ ስልኬ ጠራ፤ ከቡድናችን አንዷ፣ አዜብ ናት።

“ሰማሽ? ጋሽ ታፈሰ አረፉ። ደም ግፊት ነው አሉ።”

“ሳያርሙልኝ?” አልኩ።

ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ አሳምሬ ብነግራችሁ ውሸት ይሆናል። ጸሐፊው ነገሩ ሲገባው ከወንበሩ ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ “ነፍሳቸውን ይማር” አለ፣ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

“እንግዲህ ሥራሽን ይዘሽ ቀረሽ” አለኝ።

ጂንካ ውስጥ ጋሽ ታፈሰን የማያውቅ ብዙም የለም፤ የአብዛኞቻችንን ሥራ የሰየሙት እሳቸው ናቸው። እዚህ ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ነበሩ። ስሙን አልጠራም፤ ገና ቅጥር እፈልጋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ፕሮፋይል የሚባል ሰነድ ያወጣል። ስንቱ ያርሳል፣ ስንቱ ከብት ያረባል፣ ስንቱ ይነግዳል፣ ስንቱ የመንግሥት ደሞዝተኛ ነው፣ ስንቱ ሥራ አጥ ነው የሚለውን የሚናገር። በየዓመቱ ይታደሳል፤ ይታደሳል ማለት የሽፋኑ ፎቶ ይቀየራል። ደርግ ወድቆ መሥሪያ ቤቱ ሲቋቋም፣ ከአንዲት የጽሕፈት መኪና በቀር ምንም ባልነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያንን ሰነድ የሚሠሩት ጋሽ ታፈሰ ነበሩ። መኪናዋ ተጣለች፣ ኃላፊዎች መጡ ሄዱ፣ እሳቸው ቀሩ።

ሰውነታቸው ኮቱ ውስጥ የጠፋ ቀጭን ሰው ነበሩ። መነጽራቸው በላስቲክ ከጭንቅላታቸው ጋር የታሰረ ነው። ያደጉት ከጂንካ ወጣ ብላ ያለችው ገዘር ስለሆነ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሁሌ ወደ ገዘር ነበር የሚያዩት፣ ደመናው ከሌላ አቅጣጫ ቢመጣም።

ተመርቄ ብዙም ሳልቆይ እሳቸው ጋ መረጃ ለመሰብሰብ በኮንትራት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያውን ቀን ጠረጴዛቸው ፊት ቆሜ፣ ዩኒቨርሲቲ እንደተማርኩት፣ በጥድፊያ ጠየቅኩ።

“ሥራ አጡ ስንት ነው? ከሱ ብንጀምር ይሻላል።”

ብዕራቸውን አስቀመጡ። “ስምሽ ማን ነበር ያልሽኝ?”

“ትዕግሥት።”

“ስሙን ያወጣልሽ ሰው መጀመሪያ አላየሽም እንዴ?” አሉ። ከዛ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ “የኔ ልጅ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ያልሽው ቃል አይነገርም። ሥራ የሌለው ሰው የለም። ስም ያላወጣንለት ሥራ ነው ያለው።”

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ከተማውን ዞረን የሰበሰብነውን ቅጽ እያነበብኩላቸው እሳቸው ሥራ ያወጣሉ። አወጣጣቸው ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ የወጥ ጨው እንደሚቀምስ ሰው ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ከዛ ሥራው ይመጣል።

“አበራ” እላለሁ። አበራ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚውለው ልጅ ነው። ግድግዳው በሱ ጀርባ ልክ ጎድጉዷል።

“የጸጥታ ድጋፍ ሰጪ።”

“ተደግፎ ነው'ኮ የሚውለው!”

“እሱ ከቆመ ጀምሮ ያ ቤት ተዘርፏል?”

“አልተዘረፈም፣ ግን…”

“ቀጥይ።”

መናኸሪያ በር ላይ ጆተኒ ሲጫወቱ የሚውሉት ልጆች “በስፖርት ዘርፍ የተሰማሩ” ሆኑ። የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ተኝቶ የሚውል አንድ የሠፈራችን ጎረምሳ “የክፍት ቦታ ጥበቃ” ሆነ። የማንም ሠርግ የማያመልጣት አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ሳትጠራ ሄዳ፣ አልቅሳ፣ በልታ የምትመለስ። እሷን “የማኅበራዊ ጉዳይ በጎ ፈቃደኛ” አደረጓት። ሴትዮዋ ይሄን ስትሰማ ለቀጣዩ ሠርግ ቀሚስ አሰፋች።

ኃላፊያችን ግን እንዴት እንደሚወዳቸው! ሥራ አጥ የሚለው አምድ ላይ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ስብሰባ ላይ ያንን ገጽ ግድግዳው ላይ አብርቶ ጣቱን ሰረዙ ላይ ያደርጋል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጡ እንግዳ “ይሄን ውጤት እንዴት አመጣችሁት?” ብለው ሲጠይቁት “በቁርጠኝነት” አለ። ጋሽ ታፈሰ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ለስብሰባው የቀረበውን ቆሎ ይበላሉ። ሲጨበጨብ አያጨበጭቡም። እኔ ኩራት መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገራቸው ብቻ አይገባኝም ነበር። ውጭ የጭነት መኪና ሲቆም፣ አይሱዙም ይሁን ሌላ፣ የያዙትን ጥለው ብድግ ይላሉ። መስኮቱ ጋ ሄደው መጋረጃውን በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው ያያሉ፣ መኪናው እስኪሄድ አይቀመጡም። ሲሚንቶ የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር። ቤት እየሠሩ ይሆናል ብዬ። የሚሠሩት ቤት ግን አልነበረም።

ሐመር ምድር ያለችው ቱርሚ የሄድነው በገበያ ቀን ነው። ኃላፊው “አርብቶ አደሩም በፕሮፋይሉ በደንብ ይታይ” ስላለ። የቢሮው ፒክአፕ አሸዋ ውስጥ ሁለቴ ተቀበረች፣ ሁለቴም የገፋናት እኔና ሹፌሩ ነን፤ ጋሽ ታፈሰ “አመራር” እየሰጡ ነበር። ገበያው ዳር ጥላ ላይ ቁጭ ብለን ሰው እየጠራን ስንጠይቅ አንዲት የሐመር ልጅ መጣች። በኔ ዕድሜ ትሆናለች። አማርኛውን ከእንግዳና ከገበያ የለቀመች ናት፣ አትፈራም።

“ሥራሽ ምንድነው?” አሏት።

“ሥራ? ከብት አለ፣ ፍየል አለ፣ ማሽላ አለ፣ ውሃ አለ። የቱን ትፈልጋለህ?”

“ፎቶስ? ቱሪስት ፎቶ አያነሣሽም?”

“ድሮ ያነሣል። አሁን ቱሪስት የለም። ቱሪስት ከሌለ ፎቶ የለም።”

ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቀመሱ። “በቱሪዝም ዘርፍ በግሏ የተሰማራች።”

“ጋሽ ታፈሰ! ቱሪስት የለም አለችዎት'ኮ!”

“እሷ አለች አይደል? ዘርፉን የያዘችው እሷ ናት። ሌሎቹ ናቸው የቀሩት።”

ልጅቷ እኔንና እሳቸውን ተራ በተራ አየችን። “አንተስ?” አለቻቸው። “ሥራህ ምንድነው?”

“ሰው ሥራው ምን እንደሆነ መጠየቅ።”

“ለዚህ ደሞዝ አለ?”

“አለ።”

ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። ጓደኞቿን ጠርታ በሐመርኛ ስትነግራቸው እነሱም ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። አንዷ መጥታ የጋሽ ታፈሰን ኮት ነካ ነካ አድርጋ ሄደች፣ እውነተኛ ሰው መሆናቸውን ለማረጋገጥ መሰለኝ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ደስ ብሏቸው እንደዛን ቀን አላየኋቸውም።

ኮንትራቴ ሲያልቅ የመጨረሻውን ቀን ከሰዓት ቅጹን ወደኔ አዙረው “አንቺንስ ምን ልበልሽ?” አሉኝ።

“ከነገ ጀምሮ ሥራ አጥ ነኝ፤ እሱኑ ይበሉኝ።”

ለኔ ረዘም አድርገው ጨፈኑ። “በግል የምትሠራ ኢኮኖሚስት” አሉ፣ ጻፉት። የምርቃት ያህል ቆጥሬው ሳቅኩ። ፕሮፋይሉ ቀበሌ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ እንደሚጠብቀኝ በምን አውቄ!

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲስ መዋቅር መጣ። መዋቅር ሲመጣ እዚህ አገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሰው ለተቀመጠበት ወንበር እንደገና አመልክቶ ይወዳደራል። የጋሽ ታፈሰ የትምህርት ማስረጃ የስምንተኛ ክፍልና አንድ ሳጥን ሙሉ የሥልጠና ወረቀት ነው። ምደባው ሲለጠፍ ስማቸው የለም። እንደሳቸው ቦታ ያላገኘ ሠራተኛ “ተንሳፋፊ” ይባላል፤ ደሞዙ ለጊዜው ይመጣል፣ ወንበሩ የለም። ክፍሉን ለአንድ ወጣት ሰጡት። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ኮታቸውን ለብሰው ይመጣሉ፣ ግቢው በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። የሚያልፍ ሰው “ጋሽ ታፈሰ፣ ምን እየሠሩ ነው?” ሲላቸው “ክትትልና ግምገማ” ይላሉ።

የሼዱ ነገር ሲመጣ ያገኘኋቸው እዚያው አግዳሚ ላይ ነው።

“ቀበሌ ሄጄ ሥራ አለሽ አሉኝ” አልኳቸው።

“ጎበዝ።”

“ጎበዝ አይደለም! ያርሙልኝ። ሥራ አጥ ነኝ።”

“እንደሱ አይባልም።”

“ሼዱ ሊያመልጠን ነው! እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሦስት ሰው በኔ ምክንያት ቁጭ ብሏል።”

“ሌላ ልስጥሽ። የገበያ ጥናት አማካሪ?”

“አልፈልግም።”

“የቤተሰብ ንግድ ሥራ አስኪያጅ? ሱቁን ትጠርጊ የለ።”

“ጋሽ ታፈሰ፣ እርስዎ ራስዎ ሥራ የለዎትም! ተንሳፋፊ ነዎት!”

ጮኬ ነው የተናገርኩት። ጥበቃው ዞር አለ። እሳቸው አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፊታቸው በራ።

“ተንሳፋፊ'ኮ ግሩም ስም ነው” አሉ። “እኔ አላሰብኩትም ነበር። ማን እንዳወጣው ባውቅ ሄጄ አመሰግነው ነበር።”

ምን ይባላል ለእንዲህ ያለ ሰው? ቦርሳዬን አንሥቼ ልሄድ ስል እጄን ያዙኝ። ቀለል አድርገው ነው የያዙኝ፣ ግን አልለቀቁም።

“ስምሽ እዛ ቃል ጎን ተጽፎ መኪናው ሲመጣ ምን ልትይ ነው?”

“የምን መኪና?”

“የምንም” አሉና እጄን ለቀቁ። ወደ በሩ ዞሩ። እኔም “አረጁ” ብዬ ሄድኩ። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው፤ ለራሴ ነው ያልኩት፣ አልሰሙትም።

ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ከተማው በሙሉ በየሥራ ዘርፉ ተቀምጦ ነበር። አበራ፣ የጸጥታ ድጋፍ ሰጪው፣ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ ያለቅሳል። የጆተኒዎቹ ልጆች ወንበር ያመላልሳሉ። የሠርግ ሴትዮዋ ያቺን ቀሚስ በነጠላ ሸፍና ከሁሉም በላይ አለቀሰች፣ ከሁሉም በላይም በላች። ኃላፊው መጥቶ አጭር ንግግር አደረገ፤ “ታታሪ ነበሩ” አለ። ታታሪውን ከወንበሩ ያነሣው ማን እንደሆነ አልተናገረም።

ከሰዓት በኋላ ከገዘር በሚኒባስ ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ፣ ጋሽ ዳመነ የሚባሉት፣ አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸው የገበሬ እጅ ነው፣ አማርኛቸው በአሪኛ ዜማ ይሄዳል።

“አንቺ የማን ልጅ ነሽ?”

“አብሬያቸው ሠርቻለሁ። በግል የምሠራ ኢኮኖሚስት ያደረጉኝ እኔ ነኝ” አልኩ፣ ምሬቴን ሳልደብቅ።

ሳቅ አሉ። “ዕድለኛ ነሽ። እኔን ሸክላ ሠሪ ነው ያደረገኝ።”

“እርስዎን? ሸክላ የሴት ሥራ አይደለም እንዴ እናንተ ጋ?”

“የሴት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ሚስት ስጠይቅ አባትዋ ‘ድስት ሲሰበር ነው የምንጠራህ’ አለኝ።” ነጠላቸውን አስተካከሉ። “ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው ይሄ። ከላይ ትዕዛዝ መጣ፤ ሥራ የሌለው ወጣት ስሙ ይጻፍ። የሚጽፈው ታፈሰ ነው፣ ከኛ ውስጥ ስምንተኛ የጨረሰ እሱ ነበር። ጎረቤት ቀበሌ ቀድሞ ጻፈ። አንድ ጠዋት መኪና መጣ። የጭነት መኪና። ሥራ የለውም የተባለ ልጅ በሙሉ ስሙ ተጠራ፣ ተጫነ፣ ጦርነት ሄደ። የተመለሰ ብዙ የለም። ታፈሰ መንገድ ዳር ቆሞ አየ። የአክስቱ ልጅ መኪናው ላይ ነበር።”

“እና ገበሬ ብለው አይጽፏችሁም ነበር?”

“መሬት የለንም'ኮ። ገበሬ ለመባል መሬት እንዳለን የገበሬ ማኅበሩ መመስከር አለበት። ስለዚህ ቁጭ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ያንን ንብ አርቢ አለው። ያንን ሸማኔ። ያንን አንጥረኛ። እኔ የመጨረሻ ነኝ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ሥራ አለቀበት። ጨፈነ፣ ጨፈነ፣ ‘ሸክላ ሠሪ’ አለ። ተጣላሁት። ልመታው ነበር። መኪናው መጣ። የማንም ስም አልተጠራም። ባዶውን ሄደ።”

ጋሽ ታፈሰ ይሄን አንድም ቀን አልነገሩኝም። እኔ ቁጥር ማሳመር መስሎኝ ነበር፤ ኃላፊዎቹ ደግሞ በርግጥም ቁጥር ማሳመሪያ አድርገውታል፣ ሲያጨበጭቡበት ኖረዋል። ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በፊት ለመጣ መኪና ብዬ ሼዱን ልተወው? ጓደኞቼን ቤት ላስቀምጥ? አልተውም። እንደውም እዚያው ድንኳን ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የጻፈው ሰው ከሞተ በምስክር ይታረማል፣ ጸሐፊው ከቀበሌ ከወጣሁ በኋላ ደውሎ ነግሮኝ ነበር።

“ጋሽ ዳመነ” አልኩ፣ “ነገ ቀበሌ መጥተው ይመስክሩልኛል? ሥራ የላትም ብለው።”

ቆጣ ብለው አዩኝ። “እኔ? በታፈሰ ለቅሶ?”

“ሼድ ነው የሚሰጡን። ማር ልናሽግ ነው፤ ከገዘር ነው የምንገዛው፣ ከእናንተ።”

“መኪና አይመጣም?”

“አይመጣም።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“አዎ” አልኩ። ሁሌም ቶሎ ነው የምመልሰው።

በማግስቱ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ጸሐፊው የምስክር ቅጽ አወጣ።

“የምስክር ሥራ?”

ጋሽ ዳመነ ቀና አሉ። “ሸክላ ሠሪ” አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ። ሴቶች ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

“ይቺ ልጅ ሥራ አላት ወይስ የላትም?”

ነጠላቸውን እንደገና አስተካከሉ። ከዛ በጣም ቀስ ብለው “የላትም” አሉ።

ጸሐፊው ኢኮኖሚስቷን አጠፋ። ሥራ አጥ ብሎ ጻፈ። ካርዱ ከማተሚያው ሲወጣ ትኩስ ነው፣ ስሜ በትልቁ። ልስቅ ስል ውጭ ከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝ ተሰማ።

ጋሽ ዳመነ ዞረው በሩን አዩ። እኔም አየሁ። ካርዱን ሳላስበው ጀርባዬ ጋ ደብቄዋለሁ።

አይሱዙ ነው። ሙዝ ነው የጫነ።

እስኪሄድ ድረስ ግን አንዳችንም አልተቀመጥንም።